ሽኮኮ የደገሰው ሙት ዓመት

እናቴ ስትደውል ሰላምታዋ ረጅም ነው። ልጆቹን፣ ባሌን፣ የቤት አከራዬን፣ ባለፈው ይዞኝ የነበረውን ጉንፋን ሳይቀር አንድ በአንድ ጠይቃ ሳትጨርስ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። የዚያን ቀን አመሻሽ ግን ደህና ዋልሽ እንኳ ሳትለኝ "እስቲ ይህን ስሚልኝ" አለችና ጸጥ አለች። ስልኩን ወደ ላይ እንደያዘችው የገባኝ ትንፋሿ ሲርቅ ነው።

እኔ ዓለም ከተማ፣ ከገበያው ዳር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። በዚያች ሰዓት አንዲት ደንበኛዬ ወገቧን እንድለካላት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ሜትሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ የእግር ኮቴ የሚመስል ነገር ተሰማኝ። ቶሎ ቶሎ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይራመዳል።

"ምንድን ነው እማዬ?" አልኳት።

"እኔ ምኑን አውቄው። ጀንበር ስትጠልቅ ይጀምራል። ከኮርኒሱ በላይ ነው።"

"ሰው ነው?"

አልመለሰችልኝም። ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ "አባዬ ይሆን እንዴ?" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። እናቴ "እንግዲህ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ደንበኛዬ እጆቿን እንደዘረጋች ናት። ወገቧን ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ።

አባቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ዕድሜውን ሙሉ ገብስ ሲያርስና በግ ሲያረባ ኖሮ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አረፈ። ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ሊሞት ሲል የተናገረው ነገር ነው። የነፍስ አባታችንን አስጠርቶ፣ እናቴንና እኛን ሁለት ልጆቹን አስቀምጦ፣ ፍትሐቱን አስፈቱልኝ፣ ቅዳሴውን አስቀድሱልኝ፣ ተዝካር የሚባል ድግስ ግን በቤቴ እንዳይደገስ ብሎ ተናዘዘ። በአርባውም፣ በሙት ዓመቱም፣ በሌላውም።

ምክንያት ነበረው። የእሱ አባት የሞቱ ጊዜ ለተዝካራቸው ጥማድ በሬዎቹ ታርደው፣ አባቴ የጉርምስና ዘመኑን የሰው በሬ እየለመነ ሲያርስ ነው ያሳለፈው። "አባቴን ያለቀስኩት አንድ ሰሞን ነው፤ በሬዎቹን ግን እስከ ዛሬ አለቅሳለሁ" ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔንና ወንድሜን ኑዛዜው አልከፋንም። ወንድሜ ደብረ ብርሃን የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠራል፤ ሁለታችንም ከእጅ ወደ አፍ ነው ኑሯችን። የአባት ቃል ይከበር አልን፤ ቃሉም እኛን ያስከበረን መሰለን።

እናቴን ግን ጎዳት። እሷ በዚያች መንደር ከተዳረች ጀምሮ ያልበላችበት ተዝካር የለም። የማን እናት ስትሞት ምን ዓይነት ጠላ እንደቀረበ፣ የማን አባት ሙት ዓመት ላይ ዝናብ ዳሱን እንዳፈረሰው ታውቃለች። የአባቴ አርባ ዕለት ጸሎቱ ሲያልቅ ሰዉ እንደ ልማዱ ጥቂት ቆሞ ጠበቀ። ወደ ቤት ግቡ የሚለው ሲያጣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እያለ አንድ በአንድ ተበተነ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰዉን እስከ መጨረሻው በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው ድግስ መብላት ተወች። ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ታስተናግዳለች፤ ቁጭ ብለሽ ብይ ሲሏት አሞኛል ትላለች። አንድ ጊዜ ሄጄ ብቆጣት፣ "በምን አፌ? የበሉበትን ወጪት ሰባሪ ሆኜ?" አለችኝ። የሟች ኑዛዜ ደግሞ የሚፈርስ ነገር አይደለም። ሊፈታት የሚችለው ያሰራት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከአፈር በታች ነው።

እንግዲህ ከኮርኒሱ በላይ የሚራመድ ነገር አለ የተባልነው ይህን ሁሉ ተሸክመን ሳለን ነው። ለወንድሜ ደወልኩ። አይጥ ነው አለኝ። አይጥ እንዲህ አይራመድም አልኩት። ድመት ነው አለ። እናታችን ድመት የላትም፣ የጎረቤትም ድመት በመንዝ ውርጭ ቆርቆሮ ሥር አያድርም አልኩት። ሳቀብኝ። በማግስቱ አመሻሽ ግን እሱም ዘንድ ተደውሎ ኖሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መልሶ ደወለልኝ።

"አባዬ ሲራመድ እንዴት ነበር?" አለኝ።

"ቶሎ ቶሎ ነበራ" አልኩት። "እርምጃው አጭር ሆኖ ፈጣን። ረሳኸው እንዴ?"

"አይ፣ አልረሳሁትም። ልክ እንደሱ ነው" አለ።

ወንድሜ በዓይኑ ያላየውን የማያምን ሰው ነው። እኔም ብሆን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነገር ቀጥ ብሎ እንዲሄድልኝ እፈልጋለሁ። ግን አባቴ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነስ? ሕይወቱን ሙሉ አንድ ጊዜ የተናገረውን ያልቀየረ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ለመቀየር ይህን ያህል መንገድ መጥቶ ከሆነ፣ በስልክ ሰምቶ መቅረት ይቻላል? ወይስ ሁለታችንም አብረን አበድን? የገና በዓል እስኪደርስ አልጠበቅንም። ያንኑ ታኅሣሥ እኔ መኪና እየቀያየርኩ፣ አቧራ እየቃምኩ ደብረ ብርሃን ደረስኩና፣ ከወንድሜ ጋር ዘመሮ ድረስ ተሳፍረን የቀረውን በእግራችን ሄድን።

ቤታችን የድንጋይ ቤት ነው። ልጅ ሆነን ክዳኑ ሳር ነበር። አባቴ ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሳሩን አንስቶ ቆርቆሮ አለበሰው። ቆርቆሮው ሌሊት ብርዱን ያወርዳል ብሎ ሲያማርር፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ድርብ አድርጌ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቀምቅሜ። በከረጢቱና በቆርቆሮው መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

በደረስንበት ዕለት አመሻሽ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን። በጎቹ ገብተዋል፣ በሩ ተዘግቷል። ጀንበሯ እንደጠለቀች ጀመረ። መጀመሪያ ከደጁ በኩል፣ ከዚያ በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ጓዳው። ቶሎ ቶሎ፣ ቆም፣ እንደገና ቶሎ ቶሎ። ወንድሜ የባትሪ መብራቱን ወደ ላይ አበራና በከረጢቱ ላይ የታተመውን የማዳበሪያ ጽሑፍ አየን፤ ሌላ ምንም የለም። እናቴን አየኋት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እኛን ታያለች እንጂ ኮርኒሱን አታይም። እኔ አልቻልኩም፣ ተነሣሁና ወደ ላይ ቀና ብዬ "አባዬ" አልኩ። ኮቴው ቆመ። "አባዬ፣ ሳትሞት ብዙ ጊዜ ሳልመጣ ቀርቻለሁ፣ ሥራ እያልኩ። ይቅር በለኝ" አልኩና አለቀስኩ። ወንድሜም ፊቱን አዙሮ ተንሰቀሰቀ። ስናለቅስ ቆይተን ዝም ስንል እንደገና መራመድ ጀመረ።

በማግስቱ የነፍስ አባታችንን ጠራን። ኑዛዜውን በጆሯቸው የሰሙ እሳቸው ናቸውና ያለ እሳቸው የሚሆን ነገር የለም። አመሻሽ ላይ ጠበል ይዘው መጡ፣ ጸለዩ፣ አራቱንም ማዕዘን ረጩ። ጠበሉ ኮርኒሱን ሲነካ ላይ ያለው ነገር እንደመብረር ብሎ ወደ ጓዳው ሮጠ። እኔ ደነገጥኩ፤ ጠበል የሚያስሮጠው ከሆነ እንግዲህ አባቴ አይደለም ማለት ነው፣ ሌላ ነገር ነው። ይህን በጆሯቸው ብነግራቸው፣ የሞተ ሰውም ቢሆን በብርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሲረጩበት ይሸሻል አሉኝ። ቀልድ ይሁን ትምህርት ልለየው አልቻልኩም። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ቁጭ አሉ። ከዚያ እናቴን እያዩ እንዲህ አሉ፦

"ኑዛዜውን የሰማሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ሰማሁ። የምን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው። በሬ አትረዱ እንጂ፣ ጠላችሁን ጥመቁ።"

እናቴ ብድግ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። ስትቀመጥ ፊቷ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ አላየኋትም።

ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ወንድሜ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ እኔ ግን የስፌት መኪናዬን ሸራ እንዳለበስኩ፣ ሱቄን እንደዘጋሁ እዚያው ቀረሁ። ወሬው በመንደሩ ከመቼው እንደተዳረሰ እንጃ፣ ሴቱ ጌሾ እየያዘ፣ ወንዱ እንጨት እየተሸከመ ይመጣ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ የረዱን ከእኛ ዝቅ ብሎ ቤታቸው ያለ አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው። ጋናቸውን አምጥተው፣ ጠላውን እሳቸው ራሳቸው ጠንስሰው፣ ጠዋት ማታ ሊያዩት ይመጣሉ። ማንም ሰው ግን ስለ ኮቴው አልጠየቀኝም። እኔ የሰው ቤት ሟች ተራመደ ሲባል ብሰማ በር ሰብሬ እገባ ነበር። እነሱ የሚጠይቁኝ የብቅሉን ነገር ነው። ሐዘናችንን አክብረው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ድግሱ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከጓዳው በላይ ያለው የኮርኒሱ ማዕዘን ላይ ቢጫ እድፍ አየሁ። ስፌቱም ላልቷል። የሰው ዓይን የሚያርፍበት ቤት ነው፣ የእኔ ስፌት ደግሞ ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር፤ ወንድሜም በዚያው ጠዋት መጥቶ በውጭ ዳሱን ያስራል። መሰላል አቆምኩ፣ ወስፌና ሲባጎ ይዤ ወጣሁ። የላላውን ስፌት ልፈታ ሳብ ሳደርገው ከረጢቱ ተከፈተና ከአንድ ክብ ፊት ጋር ተፋጠጥን።

ሽኮኮ ነው። ገደሉ ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ እያየን ያደግናቸው፣ ያቺ ጭራ የሌላት፣ ትንንሽ ጆሮ ያላት፣ ታመነዥካለች ስለሚባል በኦሪት ስሟ የተጠራ ፍጥረት። አፏን እያንቀሳቀሰች አየችኝ። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ሦስት ራሶች ብቅ አሉ፣ ከመሀላቸው ግልገል አለ። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መሀል ባለው ክፍተት ብርሃን ይገባል፤ የሚገቡበትም የሚወጡበትም እሱ ነው። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ፣ ያን ምሽት ይቅር በለኝ ብዬ ያለቀስኩት ለማን እንደሆነ አሰብኩ። ልስቅ ነው ልጮህ? በማን ልናደድ? በሽኮኮዋ? ጠበል የተረጨች ሽኮኮ ናት፣ ነፍስ ይማር የተባለላት።

ስፌቱን ባለበት ጠቅ ጠቅ አድርጌ ወረድኩና ወንድሜን ከቤቱ ጀርባ ወስጄ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና እሱም እንደኔ ዳሱን፣ የታሰሩትን በጎች፣ የተደረደሩትን ጋኖች ተራ በተራ አየ። ለእናታችን ብንነግራት ድግሱ ይቀራል። አባታችን አልፈታትም ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ ሳትፈታ አትደግስም። መንደሩ ሁሉ በአፉ ላይ የደረሰውን እንጀራ ተነጥቆ ሁለተኛ ጊዜ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ ይበተናል። እንደዚያ ያለ ቀን ዳግመኛ ቢመጣ በእግሯ ቆማ ታልፈዋለች ብዬ አላሰብኩም። ባንነግራትስ? ካህናቱ ተሰብስበው እየጸለዩ ሽኮኮ በራሳቸው ላይ ቢሮጥ፣ ሙት ዓመቱ የመንዝ መሳቂያ ይሆናል።

እሷ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ አስወጥተን ቀዳዳውን እንድፈነው ብለን ተስማማን። አባዬ መጥቶ ነበር፣ የጠየቀውን ሲያገኝ ሄደ እንላታለን፣ አለቀ። በገል ላይ የኩበት ፍም አደረግን፣ ወንድሜ ከጓዳ አንድ እፍኝ በርበሬ አመጣ። እኔ መሰላሉን ያዝኩለት። በርበሬውን ሊጨምር እጁን ሲያነሣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ገና አላወረደችም።

"ምን ልታደርጉ ነው?" አለች።

"አይጥ ገብቶ ነው እማዬ" አለ ወንድሜ።

"አይጥ አይደለም፤ ሽኮኮ ነው" አለችው። መጥታ ገሉን ከእጁ ተቀበለችው። "እስከ ድግሱ ይቆዩልኝ። ከዚያ ወዲያ እንደፈቀዳችሁ።"

ፍሙን ወደ ምድጃዋ መልሳ ደፋችውና መደቡ ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ከመሰላሉ ሳይወርድ ቀረ። አባዬ አለመሆኑን ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"አባታችሁ እኮ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር" አለች። "በሬው ከወጋው ወዲህ፤ እናንተ ገና ሳትወለዱ። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ኮቴውን ላጣው? እነዚህ ይጎትታሉ?"

ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። ይጎትት ነበር። እንዴት እንደዚያ ያለ ነገር ይረሳል? አመሻሽ ላይ ከግቢው ውጭ አንዱ እግሩ ሲረግጥ፣ አንዱ መሬት ሲልስ እየሰማን ነው በሩን የምንከፍትለት። የግራ ጫማው ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅ ነበር። እኔ ግን በስልክ ለወንድሜ እርምጃው ፈጣን ነበር ብዬ በእርግጠኝነት ነገርኩት፣ እሱም ልክ ነሽ አለኝ። የማንን አባት ነበር የምናስታውሰው?

ወንድሜ ተናደደ። ታዲያ ለምን አባታችሁ ነው ብለሽ አታለልሽን አላት። እሷ ረጋ ብላ፣ እኔ እሱ ነው ብዬ አላውቅም፣ ስሙልኝ ነው ያልኳችሁ አለችው። እኔ የስልኩን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቤ መላልሼ ሄድኩበት። እውነቷን ነው። አባዬ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ "እንግዲህ" ነው ያለችው።

"ኑዛዜውስ?" አልኳት። "እንግዲያ እሱ አልፈታሽም ማለት ነው።"

"እሱን እዚያው ስንገናኝ እኔና እሱ እንጨርሰዋለን" አለችኝ። "ከአባታችሁ ጋር መጣላት ለምጄዋለሁ። ከጎረቤት ተጣልቼ ግን የት እኖራለሁ?"

ከዚያ ተነሥታ ጠላውን ልታይ ወጣች። ወንድሜ ከመሰላሉ ወረደ፣ በርበሬውን ወደ ጓዳ መለሰ። ማታ ሽኮኮዎቹ ሲገቡ ሁለታችንም ሰማናቸው፤ ምንም የአባቴ አልነበራቸውም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ።

የሙት ዓመቱ ዕለት ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። ካህናቱ በውጭ ጸሎቱን ጀመሩ፣ ሰዉ ነጠላውንና ጋቢውን አጣፍቶ ግቢውን ሞላው። ፀሐይዋ ወጥታ ግድግዳውን ስትመታው ደግሞ የፈራሁት ሆነ። ሽኮኮዎቹ ከቆርቆሮው ሥር አንድ በአንድ ወጥተው፣ ግልገሏን ጨምሮ፣ ግድግዳው ጫፍ ላይ ተደርድረው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። በካህናቱ ትይዩ፣ በሰው ሁሉ ፊት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሳቁን ጠበቅኩ።

የሳቀ የለም። ዓይኔን ስገልጥ ሰዉ እንደቆመ ነው። አላያቸውም እንዳይባል ብዙ ዓይን እዚያው ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ከሥራቸው የተቀመጠበትን ድንጋይ ትቶ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ ከራሱ ላይ የሚወርደውን የሚያውቅ ሰው አፈቃቀቅ ነው። የነፍስ አባታችን ቀና ብለው አዩዋቸው፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ፣ ንባባቸውን ሳያቋርጡ ገጹን ገለጡ። ያኔ ነው ነገሩ የተደበላለቀብኝ። ካህኑ ጠበሉን ሲረጩም ያውቁ ነበር? ጌሾ ይዘው የመጡት ሴቶችስ? በዚያ አፋፍ የሚኖር ሰው በብርድ ወር ቆርቆሮው ሥር የሚገባውን እንስሳ አያውቀውም ማለት ዘበት ነው። ከመንደሩ ርቀን የቆየን እኔና ወንድሜ ብቻ ነን ያላወቅነው። ግን ካወቁ ምን ብለው መጡ? አውቀው ነው ያመኑት፣ ወይስ ሳያምኑ ነው የረዱት? እስከ ዛሬ የጠየቅኩት ሰው የለም። ቢጠየቁም የሚመልሱልኝ አይመስለኝም።

ድግሱ ያማረ ነበር። በሬ አልታረደም፣ የእናቴ በጎች በቁ። እሷ ከዳሱ መግቢያ አልተንቀሳቀሰችም። ግቡ፣ ግቡ፣ ወደ ውስጥ እለፉ ትላለች፤ የገባውን ሁሉ እጁን ይዛ ታስቀምጣለች። በአርባው ዕለት ሳታበላ የሸኘችውን እያንዳንዱን ሰው እንደምታስታውስ ከአቀባበሏ ያስታውቃል። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ጠግቦ ሲመርቃት፣ አሜን ስትል ድምጿ ከዳሱ ውጭ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ሴቶቹ መሀላቸው አስቀመጧትና አጎረሷት። በላች። ዓመቱን ሙሉ ከሰው እጅ ያልጎረሰች ሴት፣ እየደጋገሙ ሲያጎርሷት አንዱንም እምቢ አላለችም። እኔ ወጥ እያወጣሁ እያየኋት እንባዬ መጣ፤ ይህኛው ለማን እንደሆነ ግን አውቄዋለሁ።

በማግስቱ ወንድሜ ከመሄዱ በፊት ሥራውን ልንጨርስ ተነሣን። እናቴ እንደፈቀዳችሁ ብላን ደክሟት ተኝታለች። ወንድሜ ጭቃ አቦካ፣ ድንጋይ ሰበሰበ፣ ከግድግዳው ውጭ መሰላል አቆመ። ከውጭ ሲያየው ክፍተቱ ሁለት ቦታ ላይ ኖሯል፤ አንዱ ከላይ፣ በገደሉ በኩል፣ አንዱ ከታች፣ ወደ መንደሩ በኩል። በአንዱ አጭሶ በሌላው ማስወጣት ነው። እኔ ዳሱ ሥር ዕቃ አጥባለሁ።

አሮጊቷ ጎረቤታችን ጋናቸውን ሊወስዱ መጡ። አጥቤ አዘጋጅቼላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አላነሡትም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና የወንድሜን መሰላል አዩ።

"ዛሬ ነው የምታወጧቸው?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ" አልኳቸው። እሳቸውም ያውቁ ኖሯል ማለት ነው፤ አሁን የማያውቅ ሰው መፈለግ ትቻለሁ።

ባላቸው ከአባቴ ቀድመው ነው የሞቱት። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ ሁሉም ሥራ ይዘዋል። የአባታችሁን ተዝካር ሲሏቸው ለከርሞ፣ ለከርሞ እያሉ ሦስተኛ ዓመቱ ገባ። ይህን ሁሉ ለእኔ የነገሩኝ የሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው፣ የጋኑን አፍ በእጃቸው እየዳበሱ ነው። ትላንት ጠላውን ሲቀዱ ሲውሉ እሳቸው ሲበሉ አለማየቴ ትዝ አለኝ።

"እኔን አልሰሙኝም" አሉ። "እነዚህን ቢሰሙ ይመጡ ይሆናል።"

ገና ምን ማለታቸው እንደሆነ እያሰብኩ ጋናቸውን አዝለው ተነሡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ዘወር አሉ።

"ልጄ፣ ስታባርሯቸው ወደኔ ቤት በኩል አድርጉልኝ።"

ፊታቸውን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም። ጋኑ ከጀርባቸው ገዝፎ ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወረዱ። ወንድሜ መሰላሉ ላይ ሆኖ የሚጨሰውን ገል እንደያዘ፣ በየትኛው በኩል ላድርገው ብሎ ጮኸብኝ። እጄ እስከ ክንዴ አረፋ ነው። ቁልቁል የአሮጊቷን ቆርቆሮ አየሁና፣ "ከላይ በኩል አጭስ፤ የታችኛውን ክፍት ተወው" አልኩት።